የቀድሞ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የቴሌቪዥን ቁሳቁሶችን በሙዚየም ስለ መጠበቅ፤ ለአዲስ አበባ አየር የተዘጋጀ መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች የተሠሩት የጠፈር መንኮራኩር ሞዴሎች፣ የጨረር ሽጉጦች፣ የባዕድ ፍጡራን ጭምብሎችና የሮቦት አካላት ሲሠሩ የታሰበላቸው ዕድሜ አንድ የቀረጻ ወቅት ብቻ ነበር። ሠሪዎቻቸው በአነስተኛ በጀትና በተጣበበ ጊዜ እየሠሩ፣ ኮምፔንሳቶው ብረት፣ ስፖንጁ ቆዳ፣ ከሱቅ የተገዛው የቤት ዕቃ ደግሞ የመጪው ዘመን መሣሪያ መስሎ በካሜራ ፊት ለጥቂት ሰከንዶች እንዲታይ ብቻ ይጥሩ ነበር። ዛሬ እነዚህ ዕቃዎች ሙዚየም ሲገቡ የሚገጥመን ችግር ከዚሁ ይመነጫል፤ ብራናና ድንጋይ ለዘመናት እንዲቆዩ ታስበው የተመረጡ ቁሶች ሲሆኑ፣ እነዚህ ግን ከውስጣቸው የሚፈርሱ ናቸው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ ባለው የከተማችን እምብርት በትናንሽ ሙዚየሞች፣ በቴአትር ቤት መጋዘኖች፣ በትምህርት ቤት የሳይንስ ክበቦችና በግል ስብስቦች ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ለሚጠብቁ ሰዎች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የአሜሪካና የእንግሊዝ ቢሆኑም፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትርና በ1957 ዓ.ም. ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ሥርጭት የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያፈሯቸውን የመድረክና የቀረጻ ዕቃዎች የሚይዝ ሰውም ሊገለገልበት ይችላል። የእንጨት፣ የስፖንጅ፣ የማስቲሽና የቀለም ጠባይ የትም ቢሆን አንድ ነውና።

ከመንካት በፊት መመዝገብ

ዕቃው በእጅዎ በገባበት ቀን ምንም አያጽዱ፤ ምንም አይጠግኑ። መጀመሪያ በስድስቱም ጎኑ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠው፣ ፎቶ ያንሱት። ቀጥሎም ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪ ብርሃን ከጎን ዝቅ አድርገው በማብራት እንደገና ያንሱት፤ እንዲህ ያለው ብርሃን ፊት ለፊት ሲታዩ የማይለዩትን ስንጥቆች፣ የተደራረቡ የቀለም ሽፋኖችና የጥገና ጠባሳዎች ያወጣቸዋል። የሚከፈት ክፍል ካለው ውስጡንም ያንሱ። በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር፣ የተጣበቀ የፕላስተር ቁራጭ፣ የተቆረጠ የኤሌክትሪክ ሽቦና ያለ ቦታው የገባ ብሎን ሁሉ የማስረጃው አካል ናቸው።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም የሚገኘው፣ ስታር ትሬክ ለተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጉዞ ድራማ የተሠራው የመንኮራኩር ሞዴል፣ ኢንተርፕራይዝ፣ በግልጽ ያሳያል። ይህ 3.4 ሜትር ርዝመት ያለው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1964 በአብዛኛው ከእንጨት፣ እንዲሁም ከፕላስቲክና ከብረት ተሠራ። በድራማው ሲታይ ግን በአመዛኙ የቀኝ ጎኑ ብቻ ነው የሚቀረጸው፤ ለመብራቶቹ ኃይል የሚያደርሱት ሽቦዎች በግራ በኩል ስለሚገቡ ያ ጎን ሳይጌጥ ቀርቷል። ይህን የማያውቅ ቅን ጠጋኝ የግራውን ጎን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ቢያስጌጠው፣ ሞዴሉ እንዴት ይቀረጽ እንደነበር የሚናገረውን ዋናውን ምስክር ያጠፋዋል። በእኔ እምነት በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ከሁሉ በላይ ሊጠበቅ የሚገባው ያልተጌጠው ጎኑ ነው፤ ያማረው ጎን በፊልሙ ላይ ተቀርጾ ቀርቷል፣ ያልተጌጠው ግን ከዕቃው በቀር ሌላ መዝገብ የለውም።

የዕቃውን እውነተኛነት ማረጋገጥም የምዝገባው ክፍል ነው። የታዋቂ ድራማዎች ዕቃዎች በአድናቂዎች እጅ እጅግ ብዙ ጊዜ ተገልብጠው ተሠርተዋል፤ በቀረጻው ዘመንም ቢሆን አንድ ዓይነት ዕቃ በተለያየ ደረጃ ይሠራ ነበር። የስታር ትሬክን የጨረር ሽጉጥ ብንወስድ፣ በቅርብ ለሚቀረጽ ትዕይንት በዝርዝር የተሠራ፣ ከርቀት ለሚታይ ተዋናይ ቀለል ብሎ በፋይበርግላስ የተሠራ፣ ለግብግብ ትዕይንት ደግሞ ማንንም እንዳይጎዳ ከጎማ የተሠራ ነበረው። ስለዚህ ዕቃው ሻካራ መሆኑ ብቻ ሐሰተኛ አያሰኘውም። አስተማማኙ መንገድ የድራማውን ምስል በጥራት ቆም አድርጎ፣ በዕቃው ላይ ሊደገም የማይችለውን ምልክት፣ ማለትም የእንጨቱን መስመር፣ የቀለሙን ፍንክታች ወይም በፋይበርግላሱ ውስጥ የቀረውን የአየር አረፋ፣ ከምስሉ ጋር ማመሳከር ነው። ተራ የቤት ዕቃ መምሰሉም አያሳስትዎ፤ በዚሁ ድራማ የመርከቡ ሐኪም ይጠቀምባቸው ከነበሩት የሕክምና መሣሪያዎች መካከል የጨው መነስነሻዎች ይገኙባቸዋል።

መለያ ቁጥር ሲሰጡ በፕላስቲክ ላይ በቀጥታ አይጻፉ፤ የማርከር ቀለም ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ በብረትና በሸክላ ዕቃ ላይ የተለመደው መከላከያ ቫርኒሽም ፕላስቲኩን ሊያሟሟው ይችላል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው በነጭ የጥጥ ክር ማሰር ይበቃል።

ዕቃው ከምን እንደተሠራ ማወቅ

አጠባበቁ ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። አንድ ጭምብል ወይም አንድ ሮቦት ከአምስትና ከስድስት ቁሶች ሊገጣጠም ስለሚችል እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ይመርምሩ። አፍንጫም ትልቅ ረዳት ነው።

የአቼቶ ሽታ ከሸተተዎት ዕቃው የሴሉሎስ አሲቴት ክፍል ሊኖረው ይችላል። ይህ ፕላስቲክ እርጥበት ሲያገኝ እየተሰባበረ አሴቲክ አሲድ ይለቅቃል፤ የለቀቀው አሲድ ደግሞ መበስበሱን ያፋጥናል፣ አጠገቡ ያለውንም ብረት ያዝጋል። ስለዚህ ከሌሎች ዕቃዎች ለይተው አየር በሚንሸራሸርበት ቦታ ያስቀምጡት፤ በሣጥን መቀመጥ ካለበት አሲዱን የሚመጥ አክቲቭ ከሰል አብረው ያኑሩ።

እንደ ማር የሚያጣብቅና አቧራ የሚይዝ ለስላሳ ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ነው። በውስጡ ያለው የማለስለሻ ፈሳሽ ወደ ላይ እየወጣ ነው ማለት ነው። ለዚህ ፕላስቲክ የሚሻለው የአሲቴቱ ተቃራኒ ነው፤ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ቢቀመጥ ማለስለሻው ቶሎ አያልቅበትም። በፌስታል መጠቅለል ግን አይገባም፤ ፌስታሉ ፈሳሹን እየመጠጠ ከዕቃው ጋር ይጣበቃል። እነዚህን ሁለት ፕላስቲኮች በአንድ ዓይነት ዘዴ ለመጠበቅ መሞከር አንዱን ለመጉዳት መወሰን ነው።

ፖሊዩሪቴን የሚባለው ስፖንጅ፣ በቤታችን ፍራሽ ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ለባዕድ ፍጡራን አካልና ለሮቦት መጋጠሚያዎች በሰፊው ያገለግል ነበር። አንዱ ዓይነት በእርጥበት፣ ሌላው ዓይነት በብርሃንና በኦክስጅን ይጎዳል፤ የሁለቱም መጨረሻ ግን በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት መርገፍ ነው። ለጭምብልና ለተለጣፊ የፊት ክፍሎች የሚውለው፣ ከጎማ የሚሠራው የላቴክስ አረፋም በኦክስጅን ምክንያት እየደረቀና እየተሰነጠቀ ይሄዳል። የደረቀ ጭምብልን ቅርጹን ለመመለስ ብለው አይጫኑት፣ አያሙቁት፣ ዘይትም አይቀቡት። ባለበት ቅርጽ ከሥሩ ደግፈው ከብርሃን ይሰውሩት። ከጎማ የሚወጣው ድኝ ብርን ስለሚያጠቁር፣ ብር ወይም የብር ቅብ ያለው ዕቃ በአንድ መደርደሪያ ላይ አብሮት አይቀመጥ።

ፋይበርግላስ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ጠርዙ እንዳይፈነከት መጠበቅ ይበቃዋል። እንጨትና ኮምፔንሳቶ የሚፈሩት የእርጥበት መለዋወጥን ነው።

የአዲስ አበባ አየርና ክፍሉ

ከተማችን ለፕላስቲክ ጥበቃ አንድ ትልቅ ጸጋ አላት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ነው። የፕላስቲክ መበስበስ ኬሚካላዊ ሂደት እንደመሆኑ በሙቀት ይፋጠናል፤ በቆላ ከተማ በማቀዝቀዣ ማሽን ብቻ የሚገኘውን ቅዝቃዜ እኛ ወፍራም ግድግዳ ባለው የምድር ቤት ክፍል ውስጥ ያለ ወጪ ልናገኘው እንችላለን። በዚህም ምክንያት ዕቃዎችን ከኮርኒስ በላይ ወይም በቀጥታ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ ይህን ጸጋ እንደ መጣል ነው፤ እዚያ ቀን የሚያቃጥል ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ ይፈራረቃሉ።

ከፍታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። በላያችን ያለው አየር ስስ በመሆኑ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከዝቅተኛ ቦታዎች ይልቅ በርትቶ ይደርሰናል፤ ይህ ጨረር ቀለምን ያደበዝዛል፣ ጎማን ይሰነጥቃል፣ ነጭ ፕላስቲክን ያበልዛል። መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ይሸፍኑ፤ ለትርኢት ክፍል ደግሞ አልትራቫዮሌት የሚያግድ ፊልም በመስታወቱ ላይ ያስለጥፉ። ለላቴክስ፣ ለስፖንጅ፣ ለጨርቅና ለቀለም ቅቦች ሙዚየሞች የሚከተሉት የብርሃን ልክ 50 ሉክስ ያህል ነው። ጎብኚ በሌለበት ሰዓት መብራቱ ይጥፋ፤ የብርሃን ጉዳት ይጠራቀማል እንጂ አይሽርም።

ሁለተኛው ፈተና ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ነው። የክፍሉ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለው መካከል ቢቆይ መልካም ነው፤ ከ65 በመቶ በላይ ሲሰነብት ግን ሻጋታ ይነሣል። ትንሽ የዲጂታል እርጥበት መለኪያ ገዝተው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ንባቡን ቢመዘግቡ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ስለ ክፍልዎ ጠባይ ከማንኛውም አማካሪ የበለጠ ያውቃሉ። እርጥበት የሚቀንስ ማሽን ቢኖርም መብራት ሲጠፋ ስለሚቆም፣ ዋናው መተማመኛ በደንብ የሚዘጋ ካቢኔትና በውስጡ የተቀመጠ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ሊሆን ይገባል። ከጫማ ካርቶን የተለቀሙት ትናንሽ ከረጢቶች አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ጠግበው ያለቁ ስለሆኑ አይረዱም። ሲሞላ ቀለሙ ከብርቱካናማ ወደ አረንጓዴ የሚለወጠውን ዓይነት ቢያገኙ፣ በአምራቹ መመሪያ መሠረት በምድጃ አድርቀው ደጋግመው ይጠቀሙበታል።

ስለ መደርደሪያው የምናገረው ከልብ ነው፤ ብዙ ስብስብ የሚጎዳው በመልካም አሳብ ከተሠራ አዲስ ቁም ሣጥን ነውና። ችፑድና ኤምዲኤፍ ከማጣበቂያቸው ፎርማልዲሃይድና የአሲድ ትነት ይለቅቃሉ፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይህ ትነት ተጠራቅሞ ብረትንና ፕላስቲክን ይበላል። ቀለሙ በፋብሪካ ተጋግሮ የደረቀ የብረት መደርደሪያ ይሻላል። አዲስ ቀለም የተቀባ ክፍል ወይም ሣጥን ከሆነ ቢያንስ ለአንድ ወር አየር እንዲያገኝ ክፍት ይተውት። ለመጠቅለያ አሲድ የሌለው ወረቀት ካልተገኘ፣ ማለስለሻ ሳይጨመርበት ደጋግሞ የታጠበ አቡጀዲ ጥሩ ምትክ ነው። ጋዜጣ አሲድ ስላለው፣ ስፖንጅም ራሱ ስለሚፈርስ አይሆኑም። ከኤሌክትሮኒክስ ካርቶን የሚወጣው ነጭና ተጣጣፊ የፖሊኤቲሊን ፎም ግን ለመደገፊያ ያገለግላል። ነፍሳትን ለመከላከል ናፍታሌን የመጨመር ልማድ እዚህ ጎጂ ነው፤ ትነቱ አንዳንድ ፕላስቲኮችን ያለሰልሳል።

በመሀል ከተማው በሚካሄደው የመንገድና የሕንፃ ግንባታ ምክንያት አቧራው ከባድ ነው። የመስኮትና የበር ክፍተቶችን ይድፈኑ፣ ዕቃዎቹንም በአቡጀዲ ይሸፍኑ፤ ያልደረሰ አቧራ መጽዳት አያስፈልገውም።

ስለ ማጽዳትና ስለ ኤሌክትሪክ ክፍሎች

ለማጽዳት ለስላሳ የፀጉር ብሩሽና አፉ በቱል የተሸፈነ፣ ኃይሉ ዝቅ ያለ ቫኪዩም ክሊነር ይበቃል። ብሩሹ አቧራውን ወደ ቫኪዩሙ ይገፋል እንጂ ቫኪዩሙ ዕቃውን አይነካም። ቲነር፣ ቤንዚን፣ አልኮል፣ አሴቶንና የመስታወት ማጽጃ ወደ ክፍሉ ባይገቡ ይመረጣል። የናይትራይል ጓንት ያድርጉ፤ በተለይ የብር መልክ ያለው ቀለምና የአሉሚኒየም ወረቀት የጣት አሻራን አይረሱም። የሚረግፍ ስፖንጅ በብሩሽም አይነካ።

የባትሪ ድንጋይ በውስጡ ካለ ዛሬውኑ ያውጡት፤ አርጅቶ ሲፈስ መገናኛ ብረቶቹን በልቶ ወደ ቀለሙ ይዘልቃል። ከማውጣትዎ በፊት አቀማመጡን ፎቶ ያንሱ። የቆዩ መብራቶችን ለሙከራ ብለው ከኤሌክትሪክ ጋር አያገናኙ፤ የሽቦው ሽፋን ደርቆ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ዕቃውንም ሰውንም ያቃጥላል።

መጠገን ሲያስፈልግ

በሱፐር ግሉና በማስቲሽ የተያያዘ ስብራት ከዚያ በኋላ ያለ ጉዳት አይለያይም። ለጥገና የሚመረጠው ወደፊት ሊነሣ የሚችል ማጣበቂያ ነው፤ ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለው አክሪሊክ ሬዚን በአሴቶን ስለሚሟሟ ለእንጨት፣ ለብረትና ለሸክላ ተመራጭ ሆኗል። አሴቶን ብዙ ፕላስቲኮችን ስለሚያቀልጥ ግን ለፕላስቲክ ዕቃ በደፈናው አይወሰድም። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ ስብርባሪውን በሣጥን ሰብስቦ፣ ከየት እንደወደቀ ጽፎ ማቆየት ትክክለኛ ሥራ ነው። ለምክር አምስት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየምና ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ቅርብ ናቸው።

ቀለም መቀባት ግን ከሁሉ በላይ ሊያስፈራን ይገባል። ወደ ኢንተርፕራይዝ እንመለስ፤ ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1974 ለስሚዝሶኒያን ከተሰጠ በኋላ በተለያዩ ጊዜያት ታድሷል፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተደረገው እድሳትም አብዛኛው አካሉ እንደገና ተቀብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ከትርኢት ወርዶ ጥልቅ ጥበቃ ሲጀመርለት ባለሙያዎቹ በኤክስሬይና በአልትራቫዮሌት ብርሃን መረመሩት፤ ዲስክ የሚመስለው የሞዴሉ የፊት ክፍል የላይኛው ገጽ የ1960ዎቹን የመጀመሪያ ቀለም እንደያዘ ነበር። ያንን ገጽ እንደ መለኪያ ወሰዱት። ሙዚየሙ ከሕዝብ እጅ የቆዩ ፎቶግራፎችን ጠይቆ ሰበሰበ፤ ከዚያም ሞዴሉ ለቀረጻ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበትን ነሐሴ 1967 (እ.ኤ.አ.) እንደ መድረሻ መርጦ ወደዚያ መልኩ መለሰው፤ መብራቶቹን ግን ሙቀት በማይፈጥሩ ኤልኢዲ ተካ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በሙዚየሙ ዋና አዳራሽ እንደገና ለእይታ ቀረበ። ከዚህ ሥራ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ያልተነካ ትንሽ ገጽ ካለ እርሱን በፍጹም አለመንካት ነው። ሁለተኛው፣ ወደ የትኛው ቀን እንደምንመልሰው በማስረጃ ሳንወስን ብሩሽ አለማንሣት ነው።

መድረሻውን መምረጥ ሁልጊዜ ቀላል አይሆንም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1963 በቢቢሲው ዶክተር ሁ ድራማ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት፣ በሬይመንድ ኩሲክ የተነደፉት ዳሌክ የተባሉ ሮቦት መሰል ባዕድ ፍጡራን በቀጣዮቹ ዓመታት ደጋግመው ተቀብተዋል፣ የአንዱ ክፍል ለሌላው ተገጥሟል። እንዲህ ያለውን አካል ወደ መጀመሪያው ቀለም ለመመለስ የኋላውን መፋቅ፣ የኋለኞቹን ዓመታት የቀረጻ ታሪክ መፋቅ ይሆናል። እኔ እንዲህ ባለ ጊዜ የመጨረሻውን ሽፋን እንዳለ ትቶ የቀደሙትን በፎቶና በጽሑፍ ማስረዳትን እመርጣለሁ።

ለእይታ ማቅረብና የማይድነውን መቀበል

ትላልቅ ሞዴሎች በአንድ ነጥብ ታስረው ሊሰቀሉ አይገባም፤ መጋጠሚያው እየተጎተተ ይሰነጠቃል። ክብደቱን በሰፊው የሚቀበል፣ በፖሊኤቲሊን ፎም የተለበጠ መቆሚያ ያሠሩ። ልጆች እንዲዳስሱት ከፈለጉ ቅጂ አሠርተው «ቅጂ» የሚል ጽሑፍ በግልጽ ይለጥፉበት፤ ዋናው በመስታወት ውስጥ ይቆይ። በማብራሪያው ላይ ዕቃው በድራማው ምን እንደነበር ብቻ ሳይሆን ከምን እንደተሠራና እንዴት ካሜራውን እንዳሳመነ ቢጻፍ፣ ጎብኚው የሠሪዎቹን ብልሃት ያያል።

አንዳንዱ ዕቃ የምናደርገውን ሁሉ ብናደርግም አይተርፍም። የላቴክስ አረፋና የፖሊዩሪቴን ስፖንጅ ከሁሉ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ለዚህም ነው በስታር ትሬክ ስፖክ የተባለውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው የሊዮናርድ ኒሞይ ቤተሰብ ለስሚዝሶኒያን የሰጠው ዓይነት ተለጣፊ የስፖክ ጆሮ እስከ ዛሬ መቆየቱ የሚያስደንቀው። እንዲህ ያለ ዕቃ ካለዎት፣ ቅርጹ ሳይጠፋ ዙሪያውን ከተለያየ ከፍታ ብዙ ተደራራቢ ፎቶዎች ያንሱና በኮምፒዩተር ሦስት አቅጣጫዊ ምስል ያሠሩለት። የቀለሙን ልክ ለማወቅ ደረጃውን የጠበቀ የቀለም መመሳከሪያ ካርድ አብሮ ይነሣ። ፋይሎቹን ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ያስቀምጡ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው በየጊዜው ማየት ነው። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ጣሪያውንና አሸንዳውን ያስፈትሹ፣ ሲሊካ ጄሉን ያድርቁ። በክረምቱ ውስጥ በየሳምንቱ ካቢኔቱን ከፍተው ያሽትቱ፤ የአቼቶ ወይም የሻጋታ ሽታ ከዓይን ቀድሞ ይደርሳል። በመስከረም መጨረሻ እያንዳንዱን ዕቃ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አነጻጽረው የተለወጠውን ከቀኑና ከመርማሪው ስም ጋር በመዝገቡ ያስፍሩ፤ ምንም ካልተለወጠም «ለውጥ የለም» ተብሎ ይጻፍ።